የጩኸት ደሞዝ

በግራዝ ከተማ፣ ሙር ወንዝ ዳር፣ ኮረብታው ላይ ማማ አለ፣
ረጅሙ ዘንግ ሰዓት ቆጣሪ፣ አጭሩ ደቂቃ ያዘለ፤
እንግዳ ሲያየው ይስታል፤ ያገሩ ሰው ግን ለምዶታል፣
“እንዲህ ነው” ብለው ካሳደጉት፣ ማን “ለምን?” ብሎ ጠይቆታል?

ኦቶካር እባላለሁ። ተዋናይ ነበርሁ ለነገሩ፣
የትንሽ ቲያትር ትንሽ ሰው፣ ሲሞት ብቻ የሚያምር ግብሩ።
በዚያ ክረምት ምድጃዬ ባዶ፣ ኪሴም የሸረሪት ቤት፣
ዩኒቨርሲቲው አገኘኝ፣ በሰዓት ለሚከፈል ጩኸት።

ሥራው ቀላል ነው፦ ከግድግዳው ወዲያ፣ ወንበር ላይ ታስሮ መቀመጥ፣
መብራቷ ስትቀላ ማጓራት፣ ስትጠፋ ዳቦዬን ማላመጥ።
ከግድግዳው ወዲህ ያለው ሰው፣ ቃል ስስት የሚቀጣኝ፣
እጀታውን አንድ ጥርስ በገፋ ቁጥር፣ ኤሌክትሪክ መስሎታል የመጣኝ።
ሽቦው ግን የትም አይደርስም፤ ግድግዳው ሥር ሲደርስ አልቋል፣
ይህን የምናውቅ ሁለት ነን፤ አንዱ እኔ፣
አንዱ ግራጫ ጋዋን አጥልቋል።

ክፉ ሰው እጠብቅ ነበር። የመጣው ግን የሰፈር ሰው፣
ጫማውን በር ላይ የሚጠርግ፣ “ይቅርታ” ማለት ያላነሰው፤
ኮርቢኒያን፣ ሥጋ ሻጩ፤
ራይንሂልድ፣ በትራም ትኬት የምትቆርጥ፣
ጓንቷን ሳታወልቅ ሰው የማትጨብጥ።

የመጀመሪያው ጥርስ ቀላል ነው፤ ጉንዳን እንደ ቆነጠጠው፣
ሁለተኛው ከሱ በምን ይለያል? ማን በሚዛን አበላለጠው?
ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ ዐሥረኛው ከዘጠነኛው…
የቱ ላይ ነው እንግዲህ ግፍ የሆነው? አንደኛው? ሃያኛው?
ዐሥራ ሁለት ላይ “በቃኝ” ያለ፣ ዐሥራ አንደኛውን ምን ሊለው?
እጁ ቀድሞ መስክሮበታል፤
መቀጠል ነው የሚቀለው።

ኮርቢኒያን ሲያለቅስ ሰማሁት።
“ጌታዬ፣ ሰውየው እያለቀ ነው።”
ዶክተሩ አልተቆጣም። ጠመንጃ የለ፣ በትር የለ፣
“እባክዎ፣ ይቀጥሉ” አለ፣
ድምፁ እንደ ፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ ከፍም ዝቅም ያላለ።
“ኃላፊነቱስ?”
“የእኔ ነው።”
ያን ጊዜ በግድግዳው በኩል የሰማሁት፣ ከጆሮዬ ያልወጣው፣
ሲቃ አይደለም። እፎይታ ነው።
ጆንያ ከጫንቃው ያወረደ ሰው ትንፋሽ።
ከዚያ እጀታዋ ቀጭ አለች።

መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ብዙ ምክንያት ጻፉ ኋላ፦
ልማድ ነው፣ ጋዋኑ ነው፣ ርቀቱ ነው፣ ሌላም ሌላ።
እኔ በግድግዳ የሰማሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይሉኝታ።
ያን ትሑት ሰው ፊት ለፊት “አይሆንም” ብሎ ከማሳፈር፣
ያላየውን ሰው ማቃጠል ቀለለው፤ ለዚያውም በይቅርታ።

ከሃያ ሁለተኛው ጥርስ በኋላ ዝም ማለት ነው ሥራዬ።
ትእዛዙ “እንደ ሙት” ይላል።
ሐሙስ ዕለት ራይንሂልድ ከወንበሯ ተነሣች፣
በባዶ እጇ ግድግዳውን ዳበሰች፣
ሦስት ጊዜ አንኳኳች።
“ጌታዬ… አሉ ወይ?”

ዳቦው አፌ ውስጥ ነበር። ቀበቶው የውሸት ነው፤ እጄ አልታሰረም።
“አለሁ” ብላት ይበቃት ነበር፤ ከአንድ ቃል ሌላ አልጎደለም።
መብራቷን አየሁ። ጠፍታለች።
ለራሴ አልሁ፦ ለሳይንስ ነው፣ ዶክተሩ ያውቃል፣ ኃላፊነቱም…
እንደ ሙት ዝም አልሁ።
እሷም ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ ያለውን
ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ማታ ደሞዜን ተቀበልሁ፤ ደረሰኝ ላይ ስሜን ጻፍሁት።
ስወጣ ቀና ብዬ ያንን የማማ ሰዓት አየሁት፤
ረጅሙ ሰባት ላይ፣ አጭሩ ሁለት ላይ፤
አንዴም ሳልስት አነበብሁት።